ማኒፎልድ የሚፋቀው ለማስፋት ሳይሆን ለማጋጠም ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ ማስገባት ስለተከለከለ፣ በእጅ ያለችውን ኮሮላ፣ ላዳ ወይም ቪትዝ አድሶ መያዝ የብዙ ባለመኪና ዕጣ ሆኗል። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ጊዜ «ዳገት ላይ ጉልበት አጣች» የሚል ሰው ጋራዥ ሲመጣ፣ አንዳንዴ መፍትሔውንም ይዞ ይመጣል፦ «የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱን አውርዳችሁ አስፉልኝ፣ ውስጡንም አንጸባርቁልኝ» ይላል። ማኒፎልድ ማለት አየሩን ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያከፋፍለው ባለ ብዙ ቱቦ ዕቃ ነው። ግቢው ውስጥ ራሱ ግራይንደር (መፋቂያ ማሽን) ይዞ የሚጀምርም አለ። ሥራው ቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ በትክክል ከተሠራም ጥቅም አለው። ነገር ግን በማስፋትና በማንጸባረቅ ብዙ ደህና ማኒፎልድ ስለሚበላሽ፣ ትክክለኛው አሠራር በጋዜጣችሁ ቢወጣ ይጠቅማል ብለን ጽፈናል።

መጀመሪያ ከዚህ ሥራ ምን እንደሚጠበቅ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ ናት። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 76 ገደማ ነው፤ ሩቡ ጎድሏል ማለት ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፋብሪካው 60 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር ፒያሳ ላይ የሚሰጠው 45 አካባቢ ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከዚያም ያንሳል። ይህን ጉድለት የትኛውም መፋቅ አይመልሰውም። ማኒፎልድ በወጉ ሲጋጠም የሚገኘው፣ ፋብሪካው በብዛት ሲያመርት ሳያስተካክለው ያለፈው ጥቂት በመቶ ነው። እሱም ጎልቶ የሚታወቀው ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ ነው።

ስለዚህ ቡሎን ከመፈታቱ በፊት ርካሹ ሥራ ይቅደም። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ነው? የቫልቭ ክፍተት ተስተካክሏል? የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ተቀራራቢ ነው? ካርቡራተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ላለው ሞተር ደግሞ ዋናው ጥያቄ ጄቱ፣ ማለትም ነዳጁን የምትመጥነው ቀዳዳ ነው። ለባሕር ወለል የተመጠነ ጄት በእኛ ከፍታ ላይ ነዳጁን ከ10 በመቶ በላይ ያበዛዋል፤ ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያነድደው) ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ከወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። 130 የተጻፈበትን ዋና ጄት በ125 ወይም በ120 መተካት፣ ከሙሉ ቀን የማኒፎልድ ፍቅፈቃ የበለጠ ጉልበት ሊመልስ ይችላል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ኢንጀክሽን (ነዳጁን በግፊት የሚረጭ ሥርዓት) ያላቸው መኪኖች የአየሩን መጠን በሴንሰር ስለሚለኩ ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

የአየር ሾልኮ መግባትም ቀድሞ መታየት አለበት። እዚህ ላይ የውጭ መጽሐፍ ያሳስታል። ቫክዩም ጌጅ (የማኒፎልዱን የመሳብ ኃይል የሚለካው) በሚኒሞ (የነዳጅ መርገጫው ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ማንበብ አለበት ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 14 ያነባል። ይህን ያላወቀ ሰው የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ጥርጣሬ ካለ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በማኒፎልዱና በቴስታታው (የሞተሩ ራስ) መጋጠሚያ ላይ ንጹሕ ውሃ በመርጫ መንፋት ይበቃል፤ ድምፁ ከተለወጠ ቦታው ተገኘ። በዚህ ሥራ ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ መንፋት ከጋለ የጭስ ማውጫ ጋር እሳት መጫወት ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ማኒፎልዱን ማስተካከል የሚፈለግ ከሆነ፣ ማስፋት ለምን እንደሚጎዳ ስሌቱን እንይ። ወደ አንዱ ሲሊንደር የሚሄደው ቱቦ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ወደ 33 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ማለፊያው በ21 በመቶ ይጨምራል፤ በተመሳሳይ ዙር የአየሩ ፍጥነት ግን በ17 በመቶ ይወርዳል። አየሩ በፍጥነት ሲመጣ በራሱ ግስጋሴ ሲሊንደሩን ይሞላል፤ ነዳጁንም አንጠልጥሎ ይወስዳል። ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ፣ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የምትመላለስ መኪና አብዛኛውን ጊዜዋን የምታሳልፈው በደቂቃ ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር ባለው ውስጥ ነው። በዚህ ዙር ላይ የአየር ፍጥነት መቀነስ ማለት፣ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዳገት ሁለተኛ ማርሽ ይጠይቃል ማለት ነው። በዚያ ላይ በእነዚህ ሞተሮች አየሩን ይበልጥ የሚያጠብቡት የካርቡራተሩ ጉሮሮና የቫልቩ መቀመጫ ናቸው። እነሱ ባሉበት እያሉ ቱቦውን ማስፋት ትርፍ የለውም።

አየሩን በእውነት የሚያደናቅፈው መጋጠሚያው ነው። በሁለቱ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ የማኒፎልዱ አፍና የቴስታታው አፍ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይዛነፋሉ፤ ቱቦው ውስጥ ደግሞ ከቀረጻ (አልሙኒየሙ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ) የተረፈ ስፌት አለ። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ እነዚህን ማስተካከል ነው።

የትኛው ማኒፎልድ ይፋቃል? ከአልሙኒየም የተቀረጸው ብቻ። በአዳዲሶቹ ቪትዝና ያሪስ ላይ ያለው ፕላስቲክ ማኒፎልድ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ተገጣጥሞ የተበየደ ነው፤ ከውስጥ ሲፋቅ ብየዳው ይሳሳና ሙቀት ሲያገኝ ይከፈታል። እሱን ማጠብና የጎማ ማኅተሙን መቀየር ይበቃዋል። ላዳ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይወቅ። የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአንድ ወገን ተቀምጠው አንድ ጓርኒሲዮን ይጋራሉ፤ ከዳዶው (የቡሎኑ ማጥበቂያ) ሥር ያለችው ወፍራም ሮንዴላም (ቀለበት) ሁለቱንም በአንድነት ትጫናለች። የአንዱ ፊት ተስተካክሎ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከቀጠነ ሮንዴላዋ ወፍራሙን ብቻ ትጫናለች፤ ቀጭኑ አየር ያሾልካል። ስለዚህ የሁለቱም ፊት ውፍረት በካሊፐር ይለካ፤ ልዩነቱ ከ0.2 ሚሊ ሜትር አይለፍ።

አወራረዱ ቀላል ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፣ የራዲያተሩ ውሃ ከማኒፎልዱ ከፍታ በታች እስኪሆን ይቀዳ፤ ብዙዎቹ በውሃ የሚሞቁ ናቸውና። ቱቦዎቹ ሳይነቀሉ በስልክ ፎቶ ይነሱ፣ እያንዳንዳቸውም በፕላስተር ላይ ቁጥር ይጻፍባቸው። ቡሎኖቹ ከዳር ወደ መሃል ይፈቱ። የቴስታታው አፎች ወዲያው በስፖንጅና በፕላስተር ይደፈኑ። ጨርቅ የሚጠቀም ሰው ስንት ቁራጭ እንዳስገባ ይቁጠር፤ አንድ የተረሳ ጨርቅ ቫልቭ ሥር ገብቶ ሞተር ያስቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። ብዙ ሰው አዲስ ጓርኒሲዮን ማኒፎልዱ ላይ ለጥፎ በቀዳዳዋ ልክ ምልክት ያደርግና እስከዚያ ይፋቃል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ጓርኒሲዮን ቀዳዳው ከቴስታታው አፍ የሰፋ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ተከትሎ የተፋቀ ማኒፎልድ አየሩን ከቴስታታው ግድግዳ ጋር ያጋጨዋል። ልኩ መወሰድ ያለበት ከራሱ ከቴስታታው ነው። የቴስታታው ፊት ከአሮጌ ጓርኒሲዮን ቅሪት ይጽዳና በጣት በጣም ስስ ቅባት ይቀባ። ከዚያ ጠንከር ያለ ወረቀት ተለጥፎ በመዳፍ ይታሽ፤ የአፎቹና የቡሎኖቹ ቦታ በወረቀቱ ላይ ይታተማል። ማኒፎልዱም እንደዚሁ ይደረግ። ሁለቱ ወረቀቶች በቡሎኖቹ ቦታ ተገጣጥመው በመስኮት ብርሃን ላይ ሲያዙ የትኛው አፍ በየት በኩል እንደተዛነፈ ወለል ብሎ ይታያል። አንደኛው አፍ ወደ ላይ፣ አራተኛው ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም እኩል መፋቅ የሚባል ነገር የለም።

ማኒፎልዱ ሲገጠም ካልተቆለፈ ግን ይህ ልኬት ከንቱ ነው። 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሎን 9 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ውስጥ በየአቅጣጫው ግማሽ ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። በሁለቱ ዳር ባሉት ቡሎኖች ላይ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ስስ ቆርቆሮ 5 ጊዜ ያህል ቢጠቀለል ክፍተቱ ይሞላል። ማኒፎልዱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ልክ ሲወሰድም፣ መጨረሻ ላይ ሲገጠምም።

የማኒፎልዱ አፍ ከቴስታታው አፍ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢጠብ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ የሚመለሰውን ትንፋሽ ይገታል። ቢሰፋ ግን ይጎዳል። ቀድሞውኑ የሰፋ ሆኖ ከተገኘ ማኒፎልዱ ይተው። የቴስታታው አፍ የሚስተካከለው ቴስታታው በሌላ ምክንያት ሲወርድ ብቻ ነው፤ ሞተር ላይ እንዳለ ግራይንደር ማስገባት ፈጽሞ አይገባም።

ለመፋቅ የሚያስፈልገው 6 ሚሊ ሜትር እጀታና ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ጭንቅላት ያለው የካርባይድ መፋቂያ ነው። ሲገዛ ጥርሱ ይታይ፦ ለአልሙኒየም የሚሆነው በአንድ አቅጣጫ የተቆረጠ ሰፊ ጥርስ ያለው ነው። ጥርሱ እንደ መረብ የተቆራረጠው ለብረት የተሠራ ስለሆነ አልሙኒየም ወዲያው ይደፍነዋል። ነጭ ጋዝ በብሩሽ መቀባት ወይም ጥርሱን በየጊዜው ሻማ ላይ ማስነካት መደፈንን ይቀንሳል። መሣሪያው ፍጥነቱ የሚስተካከል የኤሌክትሪክ ዳይ ግራይንደር ቢሆን ይመረጣል፤ በአየር የሚሠራው ለጎማ መንፊያ በተሠራች ትንሽ ኮምፕረሰር ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሠራም። ጎማ ዲስክ የሚገጠምበት ትልቁ ግራይንደር ለዚህ አይሆንም። ረጅም እጀታ ያለውን መፋቂያ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ሳያስገቡ በሙሉ ፍጥነት ማሽከርከር አደገኛ ነው። እጀታው ጎብጦ ይወረወራል። መጀመሪያ ይግባ፣ ከዚያ ይነሳ፤ መጀመሪያ ይቁም፣ ከዚያ ይውጣ። የዓይን መከላከያና የአፍ ጭምብል ግዴታ ነው።

እጅ ያልለመደ ሰው ወደ መኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዶ የተሰነጠቀ ማኒፎልድ ይግዛና በእሱ ይለማመድ። መፋቂያው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጉድጓድ ይሠራል፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው የማይቋረጥና ክብ ይሁን፣ ጫናውም ቀላል። ከአፉ ጀምሮ ወደ ውስጥ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ድረስ እየሳሳ ይሄድና ከቱቦው ጋር ይዋሃድ። ከዚያ በላይ መግባት የሚያስፈልገው የቀረጻውን ስፌት ለማንሳት ብቻ ነው።

ዋናው አደጋ የግድግዳው ውፍረት ነው። የተቀረጸ አልሙኒየም ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ2.5 በታች መውረድ የለበትም። በተለይ የሚፈሩት ቦታዎች ውሃው የሚያልፍበት ወገን፣ የቫክዩም ቱቦ የሚሰካበትና የቡሎን ቀዳዳ አጠገብ ናቸው። እዚያ የተበሳ ማኒፎልድ በአርጎን ይበየዳል ቢባልም፣ ለዓመታት ዘይትና ጥላሸት የጠጣ አልሙኒየም ሲበየድ አረፋ ያወጣል፤ ፊቱም በሙቀቱ ይጣመማል። በማጣበቂያ የተደፈነ ደግሞ ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደር ይገባል።

አሁን ስለ ማንጸባረቅ። ካርቡራተር ያለው ሞተር ማኒፎልዱ ውስጥ አየር ብቻ ሳይሆን ነዳጅም ይጓዛል፤ ከፊሉ በግድግዳው ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይሄዳል። ሸካራ ግድግዳ ይህን ፈሳሽ ስስ አድርጎ ያሰራጫል፣ አየሩም እያነሳ ያተነዋል። እንደ መስታወት በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ግን ጠብታው ተሰብስቦ ይወርዳል፤ አንዱ ሲሊንደር ይጠግባል፣ ሌላው ይራባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ሞተሩ ሲያነክስና ቶሎ ሲጠፋ የሚታየው ይህ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ማለስለሻ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሁን፤ ጫፉ በተሰነጠቀ 6 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ በድሪል ይዙር። ነዳጁ ቫልቩ አጠገብ የሚረጭባቸው የኢንጀክሽን ሞተሮች ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው አየር ብቻ ስለሆነ 120 ቁጥር ቢሆንም ለውጥ የለውም። ማኒፎልዱን የሚያሞቀውን የውሃ መስመር «አየሩ ይቀዝቅዝ» ብሎ መዝጋትም እንዲሁ ጉዳት ነው፤ ሙቀቱ የተሠራው ለእነዚያ ጠዋቶች ነው።

ፊቱ ቀጥ ማለቱ በቀጥ ብረትና በፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩ ስስ ብረቶች) ይለካል፤ 0.10 ሚሊ ሜትር የሚገባበት ከሆነ ይስተካከል። ከመስታወት ቤት የሚገኝ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ መስታወት ላይ 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለጠፍና ማኒፎልዱ በክብ እንቅስቃሴ ይታሽበት። በሞረድ መሞከር መሃሉን ያጎብጥና ዳር ዳሩን ይበላል።

አራቱ ቱቦዎች ተቀራራቢ መሆናቸውን በቤት ዕቃ ማወዳደር ይቻላል። የቫክዩም ክሊነሩ አፍ በማኒፎልዱ የቴስታታ ወገን፣ በአንዱ አፍ ላይ በደንብ ተገጥሞ ሌሎቹ ሦስቱ ይደፈኑ። ከቫክዩም ክሊነሩ ቱቦ ላይ ቀጭን ጎማ ተስቦ፣ ውሃ ካለበት ዩ ቅርጽ ካለው ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ጋር ይያያዝ። ውሃው ከፍ ብሎ የተሳበበት ቱቦ ከሌሎቹ ይበልጥ የጠበበ ነው። የከተማችን መብራት ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል አራተኛውን ከለኩ በኋላ የመጀመሪያውን ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ንባብ ከተለወጠ ልኬቱ ሁሉ ይደገም። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ መፋቁ እዚያ ላይ ይቁም።

ከዚያ እጥበት። ሞተር የሚገድለው የተረፈው የብርጭቆ ወረቀት አሸዋ ነው፤ አልሙኒየሙን ደግሞ ማግኔት አያነሳውም። ማኒፎልዱ በሙቅ ውሃና በኦሞ፣ በጠርሙስ ብሩሽ፣ ቀጫጭኖቹ የቫክዩም ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ይታጠብና በአየር ይነፋ፤ ነጭ ጨርቅ ውስጡን አልፎ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገም። በቤንዚን ብቻ ማጠብ አሸዋውን አያነሳውም።

ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ ወደ ቀዳዳው የገባ ጠርዝ ካለው በስለት ይቆረጥ። ሲልከን በአየር መንገዱ ዙሪያ አይቀባ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ አዲስ እርከን ይሠራል። ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በሁለት ዙር ይጠበቁ። ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ 10፣ ከዚያ 20 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ የሞተሩ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱ ይከበር። የቶርክ መፍቻ የሌለው ሰው አጭሩን መፍቻ፣ በቶዮታ 12፣ በላዳ 13 ቁጥር፣ በአንድ እጅ ብቻ ይጠቀም። ቡሎኖቹ ሞተሩ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይፈተሹ። የካርቡራተሩ ሚኒሞም እንደገና ይስተካከል፤ አራቱ ካንዴላዎች ተነቅለው ቀለማቸው ይነጻጸር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የራዲያተሩ ውሃ ይታይ። መሬት ላይ ጠብታ ሳይኖር ከጎደለ ቁልፍ አይዙር። በቀጭኑ የተበሳ ግድግዳ አልፎ ሲሊንደር ውስጥ የተኛ ውሃ ፒስተኑ ሲወጣ ስለማይጨመቅ የፒስተኑን ዘንግ ያጎብጣል። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይነቀሉ፣ ሞተሩ በእጅ ሁለት ዙር ይዙር፤ ውሃ ከአንዱ ቀዳዳ ከወጣ ማኒፎልዱ ይውረድ።

ከአክብሮት ጋር፤
የቤንዚን ሞተር ጥገና ባለሙያዎች፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ አዲስ አበባ